ልብስ ሰፊው፣ አማቱና አዲሱ ስክሪን

ልብስ ሰፊው በመቀሱ የታወቀ ሰው ነው፤ በሰበቡ ደግሞ ይበልጥ። ሰባት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ ከአማቱ ጋር የእግር ኳስ ጌም ይጫወታል፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ይሸነፋል። አማቱ ጡረታ የወጡ ታይፒስት ናቸው፤ ጆይስቲክ ሲይዙ ጣታቸው ለዓይን አይያዝም። ሰውዬው አንዴ እንኳ አሸንፏቸው ቢሞት አይቆጨውም።

«ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ነው እማማ! ተጫዋቹ ከማዕዘን ባንዲራው አይለይም እኮ። ጌም ጥራት ይፈልጋል!» ይላል።

«አርፈህ ተጫወት» ይሉታል።

ሚስቱን ሲነዘንዝ፣ ሲነዘንዝ ከርሞ ግድግዳ የሚያክል ስክሪን አስገባ። አቤት ጥራት! ሣሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሰውዬው ልቡ አበጠ።

«ዛሬ ከተሸነፍኩ ይሄ ስክሪን እርስዎ ክፍል ይግባ! ሁለተኛ ሰበብ ካወራሁም ምላሴ ይቆረጥ!» ብሎ ፎከረ። ሚስቱ «ምን ነካህ?» አለችው። ማን ሊሰማት!

ጨዋታው ተጀመረ። ጉድ ፈላ። ሰውዬው ዓይኑን የተከለው ኳሷ ላይ ሳይሆን የአጥቂው ብብት ላይ ነው።

«ማነው ይሄን ማሊያ የሰፋው? እጅጌውን አጣሞ ገጥሞታል!»

«ጎል» አሉ አማትየው።

«የተከላካዩን ቁምጣ እዩልኝ፣ ጠርዙ ሳይዘመዘም!»

«ጎል።»

እንደ ምንም ብሎ ሁለት ለሁለት አደረሰው። የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ደግሞ ብቻውን ከበረኛው ጋር ተፋጠጠ። ሰባት ዓመት የጠበቃት ቅጽበት! መምታት ብቻ ነው የቀረው። እሱ ግን ጣቱን ከቁልፉ ላይ አንስቶ፣ «ኮሌታውን! ኮሌታውን ተመልከቺ!» እያለ ለሚስቱ ይጠቁማል። በረኛው ኳሷን ለቀም አድርጎ ወረወራት፤ አማትየውም ተቀብለው ሦስተኛውን አገቡ።

ሰውዬው ኩም አለ። ሰበብ እንዳያወራ ምሏል፤ የስክሪኑን ገመድ እየነቀለ ብቻ በለሆሳስ ለመናቸው።

«እማማ፣ ጥራት ይቅርብኝ። በአሮጌው እንጫወት።»

«የምን አሮጌ፣ ልጄ?» አሉት አማትየው በገዛ እጃቸው የክፍላቸውን በር እየከፈቱለት። «እስከ ዛሬ የሕዝቡን ጩኸት እየሰማሁ ነበር የምመታው። ኳሷን ያየኋት ዛሬ ገና ነው።»