ደላላው ለቅሶ ቤት

ዛሬ ሸዋ ሮቢት፣ እትዬ ዘሀራ ቤት ለዱአ ተቀምጠን አሜሪካን ስንሰድብ ዋልን። ልጃቸው የመን ውስጥ በአሜሪካ የአየር ድብደባ ሞቶ፣ አስከሬኑ እንኳ አልመጣም።

«ቀይ ባሕርን ለመቆጣጠር ነው» አለ አስተማሪው። «ለነዳጅ ነው እንጂ!» አለ ጎረቤቴ። የጫቱ ምርቃና ሲመጣ ክርክሩም ጋለ። (ለቅሶ ላይ መሆናችን ትዝ ያለው የለም።)

ከሁላችን በላይ የጮኸው የእትዬ ዘሀራን ልጅ በበረሃ የላከው ደላላ ነበር። «ነፍሰ ገዳዮች! የድሃ ልጅ ደም ይፋረዳቸዋል!»

እትዬ ዘሀራ ከጓዳ ወጡ። «አሜሪካ ልጄን ከጀውሃ ከተማ መኪና ላይ አልጫነችውም» አሉት።

ሼኹ ዱአውን ሲቀጥሉ ደላላውም እጁን ዘርግቶ ከእኛ እኩል «አሚን» አለ።

እናንተ ሰፈርስ፣ ደላላው ለቅሶ ቤት የት ነው የሚቀመጠው? እኛ ጋ ከሼኹ ጎን ነው፤ ትራስ ተሰጥቶት።