የሁለት ቤት አምፖል

ከእናቴ ጋር በብዙ ነገር ተጨቃጭቀን እናውቃለን፤ በአንድ ቀዳዳ የተነሳ ግን ሁለት ወር ሙሉ እንነታረካለን ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቀዳዳው እናቴ የምትተኛበት የጓዳ ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ከኮርኒሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። ስፋቱ አንድ ክንድ ቢሆን ነው። መሐሉ ላይ አንድ አምፖል ተንጠልጥሎ በዚህ በኩል የእኛን ጓዳ፣ በዚያ በኩል የጎረቤታችንን መኝታ ቤት ያበራል። አዎ፣ አንድ አምፖል ለሁለት ቤት! አባቴና የጎረቤታችን ባል ቤታቸውን ጀርባ ለጀርባ ሲሠሩ ግድግዳውን የጋራ አደረጉት። መብራት ማስገባት የማይቀመስ ነበርና በአባቴ ስም አንድ ቆጣሪ አስገብተው፣ የድንጋይና የጭቃውን ግድግዳ በስተው፣ አምፖሏን መሐል ላይ ሰቀሏት። ማብሪያ ማጥፊያው በእኛ በኩል ቀረ። በድሮው ቆቦ እንዲህ ያለ ቤት ብርቅ አልነበረም።

ሁለቱም ሰዎች ከሞቱ ቆይተዋል። ጎረቤታችን የራሷን ቆጣሪ ካስገባች እንኳ ስንት ዓመቷ። አክስቴ እላታለሁ፤ በሥጋ አንዛመድም፣ እሷ ሙስሊም እኛ ክርስቲያን ነን፣ ግን የልጅነቴን ግማሽ ያሳለፍኩት እሷ ቤት ነው። በሯ በወዲያኛው መንገድ ስለሆነ ዞሮ ለመምጣት ለአሮጊት ጉልበት ሩቅ ነው። ስለዚህ ቆጣሪዋ ቢመጣም አምፖሏ ከቦታዋ አልተነሳችም። ማታ እናቴ «ላጥፋው?» ትላለች፤ ከወዲያ «አጥፊው፣ ደኅና እደሪ» ይመጣል። ጠዋት «አደርሽ ወይ?» ሲባል «አልሐምዱሊላህ፣ አንቺስ?» ይመለሳል። በመሐል የሽንኩርቱ ዋጋ፣ የሰው ሠርግ፣ የዘንድሮ ማሽላ፣ ምን ያልተወራ አለ! ከተማው ለወራት መብራት ባጣ ጊዜ እንኳ ያ ወሬ አልተቋረጠም። እኔ ደክሞኝ ገብቼ ፈተና ላርም ስል የሁለት አሮጊት ጨዋታ አናቴ ላይ ይወርድብኛል።

መምህርት ነኝ፤ የማስተምረው ሮቢት ነው። ጠዋት በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ አመሻሽ ላይ እመለሳለሁ። እናቴ ስኳር አለባት፣ ጉልበቷም ከድቷታል። ያለ ከዘራ ከአልጋዋ እስከ በሩ አትደርስም፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የምትውለው በዚያች ክፍል ብቻዋን ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ሮጬ ጓዳ ስደርስ ራስጌዋ አጠገብ ያለው ሶኬት ቀልጦ ግድግዳውን እስከ ላይ አጥቁሮታል። ከሱ በላይ ያለው ኮርኒስ የተሰፋ ማዳበሪያ ነው፤ ክብሪት የሚጠብቅ። እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሽምብራ ትለቅማለች።

«እማዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«እሱማ ቀን ላይ ትንሽ ተንጣጣ፤ ኋላ ተወው።»

ተወው! ስለ ሰው አመል የምታወራ ነው የምትመስለው። ከዚያ ቀን በኋላ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት ስቆም የሚታየኝ ያ ማዳበሪያ ሲቀጣጠል፣ እናቴም ከዘራዋን ስትፈልግ ነው። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ትምህርቱን አቋርጬ እወጣለሁ። ክፍሉ ከነሽቦው ተነቅሎ እንደ አዲስ ይሠራል ብዬ ቆረጥኩ። በቃ፣ እናቴን እዚያ ውስጥ አላቃጥላትም።

ኤሌክትሪሺያኑ «ነገ ጠዋት» ባለኝ በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። መሰላሉ ላይ ወጥቶ ማዳበሪያውን በካቻቢቴው ቦጨቅ ሲያደርገው የስንት ዓመት አቧራና የአይጥ ጎጆ አናቱ ላይ ተዘረገፈ። ሽቦዎቹ የጨርቅ ልባስ ያላቸው የጥንት ሽቦዎች ናቸው፤ ሲነካቸው ልባሱ ይራገፋል፣ መዳቡ ራቁቱን ይቀራል። አንዱ መጋጠሚያማ በፌስታል ነው የተጠቀለለው።

«ቲቸር፣ ይኼን ማን ነው የሠራው?»

«አባቴ።»

«ነፍሳቸውን ይማር። እስካሁን ያቆያችሁ የሳቸው ጸሎት ነው እንጂ ሽቦውስ አልነበረም።»

ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ሁሉም ይቀየር አልኩት። አዲስ ሽቦ በቱቦ ሆኖ ግድግዳው ውስጥ ይቀበር፣ ችግር ሲኖር መብራት የሚቆርጠው ቫልቮላ ይለወጥ፣ ኮርኒሱ ችፑድ ይሁን፣ የቆቦን ሙቀት የሚችል ፋን ይሰቀል፣ ከጀመርኩ አይቀር ብዬ የአፈሩንም ወለል ሊሾ አስደርገዋለሁ። የእናቴን ፍራሽ ሳሎን አነጠፍኩላት። እሷ ስትሰማን ቆይታ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

«እንዳሻችሁ አድርጉት፤ ያንን ቀዳዳ ግን ተዉልኝ።»

«ደግሞ እሱ ምን ያደርግልሻል?»

«ተዪው አልኩሽ፣ ተዪው።»

ኤሌክትሪሺያኑ ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ቤት የሚነካካ መስመር አይሆንም፣ እሳት ቢነሳ ሁለቱንም ይዞ ነው የሚሄደው አለ። እውነቱን ነው። ግን እውነት ከተነጋገርን ሽቦውን አንስቶ ቀዳዳውን መተው ይቻል ነበር። እኔ ነኝ ያልፈለግኩት። ክፍሏ እንደ ሰው ክፍል እንድትሆን ፈለግኩ፤ የዚያ ቀዳዳ ወሬም ሰልችቶኝ ነበር። እናቴ በየቀኑ «ቀዳዳውን ተዪው» ትላለች፣ እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ እላለሁ።

ከዚያ መከራዬ ጀመረ። ግድግዳውን የሚቦረቡረውና መልሶ የሚለስነው ግንበኛው ነው፣ ሽቦውን የሚያስገባው ኤሌክትሪሺያኑ፤ ሁለቱ አንድ ቀን ካልተገናኙ ሥራው ንቅንቅ አይልም። ዐርብ ግንበኛው ጁምዓ አለበት። እሑድ ኤሌክትሪሺያኑ አይሠራም፤ ሚካኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ ሲሆንም መዶሻ አያነሳም። በዓላቸውንስ ያክብሩ፣ ማን ከለከላቸው! እኔን ያሳረረኝ የተረፈው ቀን ነው። አንዱ ለቅሶ ይሄዳል፣ አንዱ ጎብዬ ከተማ ሄዶ ሌላ ሥራ ይይዛል። በስንት ልመና ሁለቱም የመጡ ዕለት ደግሞ መብራት ጠፋ። «መብራት ከሌለ በምን እሞክረዋለሁ፣ ቲቸር?» ብሎኝ ቴስተሩን ኪሱ ከቶ ሄደ። እናቴ ሳሎን ወለል ላይ ተኝታ ሳምንታት አለፉ፤ ጀርባዋን አመማት፣ እንቅልፍ አጣች። «እየመጣሁ ነው» የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ ስሰማ ደሜ ይፈላል።

በመጨረሻ ሽቦው ገባና የቀረው ልስን ብቻ ሆነ። የዚያን ዕለት ማለዳ ዞሬ አክስቴ ቤት ሄድኩ።

«አክስቴ፣ ዛሬ ያንን ቀዳዳ ልናስደፍነው ነው።»

«አምፖሉንማ ካልፈለጋችሁት አንሱት፣ ልጄ። ቀዳዳውንም?»

«እሱንም።»

ወደ ሰፌዷ ስፌት ተመለሰች። «እንዳላችሁ» አለች ቀና ሳትል፤ ወደ በሩም አልሸኘችኝም። እኔ ግን ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ እየሮጥኩ ነበር።

አመሻሽ ላይ ስመለስ ግንበኛው ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን እያጠበ ነው። ግድግዳው እንደ ሳህን ልሙጥ ብሏል። ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ማብሪያ ማጥፊያውና ሶኬቱ የሚገቡባቸው፣ ሽቦዎቹ የሚጋጠሙባቸው ሳጥኖች አንዳቸውም የሉም።

«ወንድሜ፣ ሳጥኖቹስ?»

«የትኞቹ? እነዚያ ቀዳዳዎች? ግድግዳውን ያስጠሉታል ብዬ ደፈንኳቸው።»

ኧረ በሕግ አምላክ! ጮህኩ። እንዲያ ጮኼ አላውቅም፤ መንገድ ላይ ያለፈ ሁሉ ሰምቶኛል። ኤሌክትሪሺያኑ በስንት ቀኑ መጥቶ ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ ሲፈልግ ዋለ። ሁለቱን ወዲያው አገኛቸው፤ የቀሩትን ለማግኘት አዲሱን ልስን ስድስት ቦታ ቦረቦረው። ግንበኛው በዚያ ቀን ሳያበላሽ የሠራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእናቴን ቀዳዳ። እሱን በብሎኬት ጥርቅም አድርጎ ደፍኖታል።

ክፍሉ ሲያልቅ አማረ፤ ዐይኔን ግንባር ያርገው፣ አማረ። ነጭ ቀለም፣ ደማቅ መብራት፣ የሚያንጸባርቅ ሊሾ፣ ከላይ ቀስ ብሎ የሚዞር ፋን። እናቴን ደግፌ አስገባኋት። ዙሪያውን ስታይ ቆይታ «ሐኪም ቤት አስመሰላችሁት» አለች። ደስታዬ ሁሉ ውሃ ሆነ።

በማግስቱ ጠዋት ጫማዬን ሳስር ከጓዳ ድምፅዋን ሰማሁ።

«አደርሽ ወይ?»

መልስ የለም። ከፍ አድርጋ ደገመችው።

«እማዬ፣ ስልክ አለሽ አይደል!» አልኳት ከሳሎን። የአክስቴን ቁጥር አስገብቼላት፣ የትኛውን ቁልፍ እንደምትጫን ሁለት ቀን ሙሉ አስተምሬያታለሁ። ዐይኗ ቁልፉን አያየው፣ ጣቷ ሁለት ሁለቱን ይጫን! እኔ ተናድጄ ወጣሁ። ግን ልዋሽ አልችልም፤ በዚያ ሰሞን ከስንት ጊዜ በኋላ ሮቢት ላይ ሳልሳቀቅ አስተማርኩ። እናቴ ከእሳቱ ተርፋለች።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። ከሥራ ስገባ መብራቱ በርቷል፣ ፋኑ ይዞራል፣ እናቴ ወለሉ ላይ ናት። ከረፋድ ጀምሮ። ውሃ ልትጠጣ ተነስታ ከዘራዋ ሊሾው ላይ አንሸራተታት። ግራ ክንዷ ከሥሯ ታጥፏል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ስልኩ አልጋው ላይ ነው። ነጩ ግድግዳ ላይ፣ ተኝታ እጇ የደረሰበት ድረስ፣ ከዘራዋ የመታው ምልክት ተደርድሯል።

«ተጣራሁ'ኮ» አለችኝ። ድምፅዋ አልቆ በሹክሹክታ ነው። «ስጣራ ዋልኩ።»

አክስቴን ጠርቼ፣ ባጃጅ አስቁመን ሐኪም ቤት ወሰድናት። አክስቴ ባጃጁ ውስጥ የእናቴን ራስ ታቅፋ ታለቅሳለች።

«እዚያው ነበርኩ! ቀኑን ሙሉ ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጬ ሰፌድ ስሰፋ! ወላሂ አንድ ድምፅ አልሰማሁም! ልጄ፣ ድንጋይ ላይ ድንጋይ ደረብሽበት፤ በምን ልስማት?»

ባለባጃጁን «ፍጠን!» አልኩት። ክንዷ ተሰብሯል፣ ስኳሯም ወርዷል። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው።

በማን ልናደድ? በግንበኛው ተናደድኩ፣ በኤሌክትሪሺያኑ ተናደድኩ፣ በሊሾው ሳይቀር ተናደድኩ። ንዴቴ ሁሉንም ዞሮ ዞሮ እኔው ላይ አረፈ፤ እሱን ደግሞ መሸከም አቃተኝ። ቤት በተመለስን ማግስት፣ እጇ በጀሶ ታስሮ በተጋደመችበት፣ እናቴ ላይ ጮህኩባት። እፍረት የለኝም።

«ለምን አልነገርሽኝም? ለምን እንደምትፈልጊው ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ተዪው አልኩሽ» አለች ረጋ ብላ። «እናትሽ ተዪው ስትልሽ ከዚያ በላይ እንዴት ይነገራል?»

ግንበኛውን አልጠራሁትም። «እየመጣሁ ነው»ን የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። መዶሻና መሮ ተዋስኩ፣ ጠረጴዛ ላይ ወንበር ደርቤ ወጣሁ። አክስቴ ከወዲያ በኩል በመጥረጊያ እንጨት ታንኳኳለች፤ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ነው የምሰማት። እናቴ ከአልጋዋ «ወደ ግራ… እንግዲህ ትንሽ ዝቅ» ትለኛለች። መታሁት። ያ ስንት የለፋሁበት ነጭ ቀለም ዱቄት ሆኖ አፌ ገባ። ላቤ ዐይኔን እያቃጠለኝ፣ እያለቀስኩና እየተሳደብኩ መታሁት። ብሎኬቱ ተሰንጥቆ ወደ ወዲያ ሲወድቅ መሮው ወደ ጎን ሸሸ። ብልጭ አለ፤ ወዲያው ድርግም። አዲሱን ሽቦ በጥሼዋለሁ። ኤሌክትሪሺያኑን እግዜር ይስጠው፣ ቫልቮላው ቶሎ ባይወድቅ እኔም ወለሉ ላይ ነበርኩ። ፋኑ እየተንቀራፈፈ ቆመ።

ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ ለኤሌክትሪሺያኑ ደወልኩለት።

«እየመጣሁ ነው፣ ቲቸር» አለኝ።

ልጮህበት አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። ፊቷን ወደ ቀዳዳው አቀናች፤ ጊዜው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

«አደርሽ ወይ?»

«አልሐምዱሊላህ» አለች አክስቴ ከወዲያ። «አንቺስ?»

እናቴ በጀሶ የታሰረ ክንዷን በደኅናው እጇ ደገፍ አደረገችው።

«አሁን ገና አደርኩ» አለች።