ሁለት ግራ እጅጌዎች

«ፀሐይ ወጣች ብዬ ልብሴን ባሰጣ…» ትልና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ቃሉ ይጠፋባታል፤ የቀረውን በማንጎራጎር ትሞላዋለች። ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል፣ ቅጥነቷም ሥራዋም የመርፌ ስለሆነ። አምስት ወር ሙሉ ያ ጉሮሮ ዝም ብሎ ከርሟል፤ ሦስቱን ሳምንት ሆስፒታል፣ የቀረውን አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን መቀስ ይዛ ጨርቅ ቆረጠች፤ ውሃ ሰማያዊ፣ ከጣት የሚያመልጥ፣ በስልሳ ዓመቷ ለምታገባ አዋላጅ የሚሆን ቀሚስ።

ሰፋፊዎቹን እጅጌዎች ጎን ለጎን ስትዘረጋ ዜማው ተቋረጠ። የወረቀቱን ልክ ሳትገለብጥ ሁለቴ አስቀምጣ ቆርጣለች። ሁለቱም የግራ ናቸው። ጨርቁ ደግሞ አንድ ፊቱ ያበራል፣ ሌላው ደብዛዛ ነው፤ ገልብጦ መስፋት አይቻልም። ትርፍም የለም።

ያ ከባድ ነገር መጣ፤ ደረቷ ላይ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ተጫነ። ያን ጊዜም አጀማመሩ እንዲህ ነበር፤ አንድ ኮት አበላሸች፣ ቤቷ ገብታ ተኛች፣ በዚያው ቀረች። ሻርፗን አንስታ በሩን አየች። ዛሬም ከወጣች እንደማትመለስ ታውቀዋለች።

ሌላኛው ማሽን ላይ ያለችው ታላቅ እህቷ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። «ምን ሆንሽ?»

«መጣ፣ እትዬ።»

«ማን?»

«እሱ ነዋ።»

«ታዲያ በስሙ ጥሪው፤ ሐኪምሽ እንዲያ አይደል ያለችሽ?»

መርፌ ሁለት እግሯን ሲሚንቶው ላይ ተከለች። «ሃፍረት ነው» አለች። ሻርፗን ወንበሩ ላይ መልሳ፣ «ፍርሃትም አለበት።»

«ሁለት ሆነው ነው የመጡት? እንግዲህ ሥራ ላይ ነን፤ ቆመው ይጠብቁ።»

ሳታስበው ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ ወረደ። ጭነቱ አልተነሳም፤ ብቻ ለመተንፈሻ ያህል ፈቀቅ አለላት።

በዚህ መሃል ሙሽሪት ራሷ ከቀጠሮዋ ቀድማ ከተፍ አለች። ታላቅ እህቷ ለመናገር አፏን ስትከፍት መርፌ በእጇ ከለከለቻት።

«ሲስተር፣ አበላሽቼብዎታለሁ። ሁለቱም እጅጌ የግራ ነው።» እጅጌዎቹን ጎን ለጎን አድርጋ አሳየቻት።

አዋላጇ አንዱን አንስታ ክንዷ ላይ አጠለቀችው። «ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእግሩ የመጣ ሕፃን ስቀበል ኖሬ፣ በግራ የመጣ እጅጌ ያስደነግጠኛል?»

«ሙሽራውስ ምን ይላሉ?» አለች እህቷ።

«እሱማ መነጽሩን ካላደረገ እኔንም አይለየኝም።»

ሦስቱም ሲስቁ የመርፌ ዓይን ያለ ፈቃዷ መለካት ጀመረ። ከአንደኛው እጅጌ ታችኛው ወገን፣ ወረቀቱን ገልብጣ ብታስቀምጥ፣ አጭር የቀኝ እጅጌ ይወጣዋል። ሌላውን በልኩ ማሳጠር ነው።

«ከክርን በላይ ቢሆንስ፣ ሲስተር? ክንድዎ ይታያል።»

«እስኪ ይታይ። ስልሳ ዓመት ተደብቆ ምን ተረፈው?»

መቀሱ መጀመሪያ ላይ በቀስታ፣ ከዚያ ውሃ እንደሚወርድ ወረደ። ደረቷ ላይ ያለውን ጭነት እያየችው ሰፋች፤ አላባረረችውም፣ አልተከተለችውምም። ሙሽሪት እስኪያልቅ ጠብቃ ለብሳው፣ መስታወቱ ፊት ሁለት ዙር ዞራ፣ ክንዷን እንደ ልጃገረድ እያወዛወዘች ሄደች።

እህቷ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ኋላ እበላለሁ እንዳትዪኝ።»

«ማን ኋላ አለ? ርቦኛል» አለች መርፌ፤ ቁርጥራጩን ጨርቅ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ተቀመጠችና ዳቦውን ቆረሰች።