ምንም ያልሆነ በር

ሰው በሩ ሲበላሽ ያሠራል፤ እኔን ግን ደህናውን በር ንቀል ያሉኝ እናት አሉ። አብነት ሰፈር የቀን ሥራ ስንጠብቅ መጡና ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ወሰዱኝ። ወገቤን አሞኝ ስለነበር፣ ሲሚንቶ ከመሸከም ይሻላል ብዬ ካቻቢቴ ይዤ ተከተልኳቸው።

በሩ የልጃቸው መኝታ ቤት በር ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በቀትር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

«ማዘር፣ በሩ እኮ ምንም አልሆነም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ፣ ንቀለው።»

«እሷ እዚህ ተኝታ?»

«እሷ እያለች ነው እንጂ።»

ብሎኑን እየፈታሁ በጎን አያታለሁ። የኔ እህት ብትሆን ስልኳን እንኳ ብነካባት ሰፈሩን ታምሰዋለች። ይቺ ዞራም አላየችኝ። «እህቴ፣ በርሽን ልወስደው ነው» ብዬ ብቀልድ፣ ዝም። እናትየው እኔን ሳይሆን እሷን ነው የሚያዩት። በሩን አንስቼ ኮሪደር ላይ አቆምኩት።

«የት ላድርሰው?»

«የትም አታደርሰው። ትምህርት ቤት አልሄድም ካለች ቆየች። ምግቡም፣ ጓደኛውም ቀረ። ጎረቤቱ ‹ጨዋ ሆና ነው፣ ዕድሜዋ ነው› ይለኛል። በሯን ስናነሳባት ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ድሮ ብትሆን አትለቀኝም።»

መልሼ ልግጠመው ብዬ ጎንበስ ስል፣ ነጠላቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱ።

«እሱን ተወው። ውረድና ታክሲ ጥራልኝ፤ ሐኪም ጋ ልወስዳት ነው።»