ከጥቅም ውጭ የሆነው ቴሌስኮፕ

ገበያነሽ ቂም አትይዝም የሚሉ ሰዎች ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ አይጠፉም። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ታክሲ ውስጥ ለአሮጊት ቦታ የምትለቅ፣ ራሷም ስልሳን ያለፈች ሴት ናት። እነዚህ ሰዎች ግን የእጅ ቦርሳዋን ከፍተው አያውቁም። እዚያ ውስጥ፣ ከመታወቂያዋ ጎን፣ በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ደብዳቤ አለ። ሦስት ዓመት ይዛው ዞራለች። ቤተ ክርስቲያንም ይዛው ትገባለች። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውን ታውቀዋለች፤ ግን ሳሉ የራሷ ነው፣ ማንን ምን አገባው?

ደብዳቤውን የጻፈው ቀዳማዊ ነው። ቀዳማዊ ዛሬ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ከብዙ ዓመት በፊት ግን ገበያነሽ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ሆና በምትሠራበት ትምህርት ቤት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ቀጭን፣ ጠያቂ፣ እረፍት ሰዓት ላይ ከላብራቶሪው በር የማይጠፋ ልጅ። በትምህርት ቤቱ ቴሌስኮፕ ጁፒተርን ከነአራት ጨረቃዎቹ መጀመሪያ ያሳየችው እሷ ናት። ከምሳ ዕቃዋም ያልበላበት ቀን ጥቂት ነው። ባጎረስኩ ተነከስኩ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ቴሌስኮፑ በእርዳታ የመጣ የፈረንጅ አገር ዕቃ ነበር። ኮከብ ይዞ እንዲከተል፣ የሚዞርበት ዘንግ ምድር ከምትዞርበት ዘንግ ጋር መግጠም አለበት፤ ለዚህም ዘንጉን ወደ ሰሜን ኮከብ ማነጣጠር ነው። በፈረንጅ አገር ያ ኮከብ ከፍ ብሎ ይታያል። አዲስ አበባ ላይ ግን ከአድማስ ዘጠኝ ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ፣ ከተራራው ጀርባ እንደሚያይ ሰው ብቅ ይላል። የዕቃው መቆሚያ ደግሞ ከአሥራ አምስት ዲግሪ በታች አይወርድም። የሠሩት ሰዎች ኮልፌ የሚባል አገር መኖሩን በምን ያውቃሉ? ገበያነሽ መላ አበጀች። በደቡብ በኩል ባለው እግር ስር አንድ የዝግባ ጉማጅ አስገብታ መቆሚያውን ወደ ሰሜን ታዘነብለዋለች። በዚያች ጉማጅ አሥራ ስምንት ዓመት ሠራች።

ቀዳማዊ ዲግሪውን ይዞ መምህር ሆኖ ሲመለስ ጉማጇን በእግሩ ገፋት። «እትዬ ገበያነሽ፣ ሳይንስ በፍልጥ አይሠራም» አለ። መምህራኑ ሳቁ፣ እሷም አብራ ሳቀች። በሳምንቱ፣ እሷ ምሳ ላይ ሳለች፣ መቆሚያውን በግድ ወደ ዘጠኝ ዲግሪ ሊያወርድ ብሎኑን በመፍቻ ሲያስጨንቀው ብሎኑ ተቆረጠ። ቱቦው ከነመቆሚያው ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ስትመለስ ቀዳማዊ ፊቱ አመድ መስሎ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ በእናትዎ ዝም ይበሉልኝ። ገና የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም። እኔው አሠራዋለሁ።»

ዝም አለችለት። ጥፋቷ ይህ ብቻ ነው። በአሥራ አምስተኛው ቀን ደብዳቤው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ ቴሌስኮፑ በእሷ ቸልተኝነት ወድቆ ተሰበረ ይላል። የቀዳማዊ ፊርማና የትምህርት ቤቱ ማህተም አለበት፤ ከሰሌዳው ሲነሳ እሷ ወሰደችው። እውነቱን ብትናገርም «እስካሁን የት ነበርሽ?» ተባለች። ከላብራቶሪ አንስተው መዝገብ ቤት አስቀመጧት፤ ጡረታ ስትወጣም አንድ ሰው እንኳ «ደህና ሁኚ» ብሎ አልሸኛትም። ተማሪ ፌርማታ ላይ ሲያያት «ቴሌስኮፕ ሰባሪዋ» እያለ ይንሾካሾካል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእሷ ስም ግን እሷ በቁሟ ሳለች ተቀበረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፦ ቀዳማዊ በዚያው ግቢ፣ በሰው ፊት፣ በገዛ አፉ «እኔ ነኝ የሰበርኩት» እንዲል።

ስብርባሪው ከአሮጌ ወንበርና ከዛገ ቆርቆሮ ጋር ተጭኖ ሲወጣ፣ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ይመር ደውሎ ነገራት። ወደ ቆሻሻ መጣያው ወደ ቆሼ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ዘንድ አገኘችው። ሰውየው ብረት በብረት እንጂ አልሰጥም ቢላት የብረት አልጋዋን ሰጠችው። ወር ሙሉ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፋ ተኛች። በየሌሊቱ ወገቧ ባመማት ቁጥር ቀዳማዊን አስታወሰችው፤ ወገብ ደግሞ ጥሩ አስታዋሽ ነው።

ብሎኑን የሠራላት በያጁ ወዬሳ ነው። የመስኮት ብረት የሚበይድ፣ ወሬ የሚወድ፣ የልብ ጎረቤቷ።

«ለምን አትተዪውም?» አላት፣ እያሞረደ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ወዬሳ። አንተ ብረትህን ሞርድ።»

መስታወቱ እንደ ዕድል ተርፎ ነበርና ቴሌስኮፑ ተጠገነ። የሰሜን ኮከብ ግን የለም! ከቤቷ በስተሰሜን ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ በትምህርት ቤቱም በኩል እንደዚሁ አዲስ የመማሪያ ሕንፃ ተሠርቷል። ጉማጇ ብቻዋን ምን ታደርጋለች? ገበያነሽ ሦስት ቀን ተናደደች። በአራተኛው የልጇን የናዝራዊትን አሮጌ ላፕቶፕ ከሣጥን አወጣች።

ለዚህ ችግር የተሠራ ሶፍትዌር እንዳለ ከኢንተርኔት ቪዲዮ አየች። ቱቦው ላይ ትንሽ ካሜራ ይታሰራል። ካሜራው ከተገለጠው ሰማይ፣ ከየትም ይሁን፣ አንድ ፎቶ ያነሳል። ቱቦውን በዘንጉ ትንሽ አዙረሽ ሌላ ፎቶ፤ አሁንም አዙረሽ ሦስተኛ። ሶፍትዌሩ በፎቶው ላይ ያሉትን ከዋክብት ከራሱ ካርታ ጋር ያመሳክርና ዘንጉ ወዴት እንደሚያይ አስልቶ ያወጣል። ከዚያ «ይህን ያህል ወደ ታች፣ ይህን ያህል ወደ ግራ» ይላል። የሰሜን ኮከብን ማየት አያስፈልግም።

አንድ ወር ተኩል ፈጀባት። መጀመሪያ ፎቶው ደብዝዞ ሶፍትዌሩ አንድም ኮከብ አላውቅም አላት። ቀጥሎ ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልታ፣ ማታ አንድ ሰዓት ያለችውን እሱ ለሌሊት ሰባት ሰዓት ወሰደው፤ የሌለ ሰማይ ሲፈልግ አመሸ። ያስተካከለች ዕለት ስክሪኑ ስህተቷ አራት ዲግሪ መሆኑን ነገራት። ብሎኑን ስታዞር ቁጥሩ እያየችው ወረደ፤ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ባዞረች ቁጥር የቀዳማዊን ጆሮ ይዛ የምታዞር ይመስላት ነበር። ደስ ይላል።

በየካቲት ትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን አዘጋጀ። ቀዳማዊ አዲስ የመጣ ቴሌስኮፕ በማታ ሊያሳይ ነው ሲባል ሰማች። ወዬሳ የእሷን በባጃጅ ጭኖላት መጣ፤ ይመርም በሩን ከፈተና «እኔ አላየሁም» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ግቢው በወላጅ ተሞልቷል። ቀዳማዊ ማይክ ይዞ ስለ ጁፒተር ያስረዳል፤ ይሁን እንጂ ጁፒተር አልቆይለት ብሏል። አንዱ ወላጅ አይቶ ሁለተኛው ሲጠጋ ከመስታወቱ ወጥቷል። ርዕሰ መምህሩ ሰዓታቸውን ያያሉ። ገበያነሽ ራቅ ብላ በሜዳው ደቡብ ጥግ ቆመች። ጉማጇን ከእግሩ ስር አስገባች፣ ላፕቶፑን ከፈተች፣ ሦስት ፎቶ አነሳች፣ ብሎኑን ሁለት ጊዜ ነካ አደረገች። ጁፒተርን መሐል ላይ አስቀምጣ ቱቦውን በቀስታ የሚያዞረውን ሞተር አስነሳችና እጇን አጣመረች።

አንዲት እናት መጥታ አየች። ልጇን ጠራች። ቀጥሎ ሌሎች መጡ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰልፉ በሙሉ ወደ እሷ ዞረ፤ ሃያ ሰው አይቶም ጁፒተር ከመሐል ንቅንቅ አላለም። ቀዳማዊ ብቻውን ቀረ። ገበያነሽ ሲጎነበስ አየችው፤ መፍቻ አንስቶ፣ እንደ አሮጌው ወደ ዘጠኝ ዲግሪ አልወርድ ያለውን የአዲሱን መቆሚያ ብሎን ሊያስጨንቅ ነው። ያንኑ ስህተት!

«ቀዳማዊ! ተወው፣ ይቆረጣል!»

ድምፅዋን ሲሰማ መፍቻው ከእጁ ወደቀ። መጣ። በቦታው የቆመውን ቱቦ አወቀው።

«እትዬ ገበያነሽ… እባክዎ የኔንም ያስተካክሉልኝ። አለቃዬ እያዩኝ ነው።»

ገበያነሽ ቦርሳዋን ከፈተች። ላስቲኩን ቀስ ብላ ፈታች።

«መጀመሪያ ይቺን አንብብልኝ። መነጽሬን ረስቻለሁ።»

መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ነው። ቀዳማዊ ወረቀቱን አይቶ ላብ አጠመቀው። በለሆሳስ ጀመረ።

«በማይኩ» አለችው።

«እትዬ፣ በእናትዎ…»

«በእናቴ አንድ ጊዜ ዝም ብያለሁ።»

ማይኩን አፉ ላይ አድርጎ አነበበ፤ «ቴሌስኮፑ በላብራቶሪ ቴክኒሻኗ በወይዘሮ ገበያነሽ ከፍተኛ ቸልተኝነት ወድቆ በመሰበሩ፣ ከጥቅም ውጭ ሆኖ እንዲወገድ…» እዚያ ላይ ማይኩን ዝቅ አደረገ።

«ማን ነው የሰበረው?» አለች።

ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል። ገበያነሽ አላዘነችለትም፤ አዝናለች የሚል ካለ እኔ አልነገርኩትም። ጭንቀቱን እንደ ጥም ውሃ ነበር የምትጠጣው።

«እኔ ነኝ የሰበርኩት» አለ ቀዳማዊ በማይኩ። «ብሎኑን አስጨንቄ እኔው ሰበርኩት። እሳቸው አልነበሩም።»

«እስቲ አሁን እየው» ብላ ወደ መስታወቱ ጠቆመችው። ጎንበስ አለ። ጁፒተር እዚያው መሐል ላይ፣ ከነአራት ጨረቃዎቹ ነበር። ቀና ሲል ዓይኑ ረጥቧል።

ርዕሰ መምህሩ እየተጣደፉ መጡ። የገበያነሽን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ይቅርታም ጠየቁ። አክለውም፣ «ቴሌስኮፑንም እንኳን አተረፉልን! በሉ ዛሬውኑ ወደ ላብራቶሪው እናስገባው፤ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው» አሉ።

ገበያነሽ ደብዳቤውን ከቀዳማዊ እጅ ወሰደች። አሁን መነጽሯ ትዝ አላት፤ አስተካክላ ራሷ አነበበች።

«‹ከጥቅም ውጭ ሆኖ እንዲወገድ› ይላል፣ ጌታዬ። ተወግዷል፤ በአልጋዬ ገዝቼዋለሁ። ማህተሙም ይኸውና፣ የእናንተው ነው።»

ርዕሰ መምህሩ ጎንበስ ብለው ማህተሙን አዩት። ወዬሳ ቱቦውን ፈትቶ ወደ ባጃጁ ወሰደው። ገበያነሽ መቆሚያውን ስታነሳ ጉማጇ መሬት ላይ ቀረች። አየቻት፤ አንስታ ለቀዳማዊ ሰጠችው።

«በደቡቡ እግር ስር አስገባት» አለችው። «ቀሪውን ማወቅ ከፈለግህ ዓርብ ማታ ቤቴ ሰው አሳያለሁ። ወረፋ ይዘህ ትገባለህ።»