ግላስጎው ለተሸናፊ ለቅሶ ስደርስ

ከካዛንቺስ የተነሳሁት አራስ ልጄን ሳምራዊትን ለማረስ ነው። ሻንጣዬን የሞላው የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ነበር። ጎረቤቶቼ በር ድረስ ሸኝተው፣ «እትዬ አስካለ፣ ብርዱን እንግዲህ ይቻሉት!» አሉኝ።

ግላስጎው በሚያዝያ ካፊያ ተቀበለችኝ። ቤቱ ቀይ ድንጋይ ነው፤ የአንድ ዳቦ ዋጋ እኛ ሰፈር ቤተሰብ ሙሉ ቁርስ ያበላል። በየመስኮቱ የምርጫ ወረቀት ተለጥፏል፤ አብዛኛው ቢጫ፣ አልፎ አልፎ ቀይ።

ቀዩን ከለጠፉት አንዱ የልጄ ጎረቤት ሚስተር ኢያን ናቸው። ለዓመታት የሰፈሩ የፓርላማ ተመራጭ ነበሩ፤ ዘንድሮም ይወዳደራሉ። ሳምራዊት የመኖሪያ ፈቃድ አጥታ ስትንከራተት በየቢሮው እየዞሩ የተሟገቱላት እሳቸው ናቸው። ፓርቲ ባላውቅም ወገንተኛ ሆንኩ።

በምርጫው ማግስት ቴሌቪዥን ከፈትን። እዚያ አገር ውጤቱ የሚነበበው ተወዳዳሪዎቹ መድረክ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ነው። ስኮትላንድን የራሱ ጓሮ ያደረገው የሚስተር ኢያን ፓርቲ ወንበሮቹን ሁሉ ሊያጣ ምንም አልቀረው፤ «ስኮትላንድ ራሷን ትቻል» የሚለው ባለቢጫው ፓርቲ ጠራርጎ ወሰደው። ሚስተር ኢያን ያሸነፈቻቸውን ወጣት ጨብጠው ወረዱ። ከዚያ ወዲያ መጋረጃቸው አልተከፈተም። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለበስኩ።

«እማዬ፣ በቃ ተይ! እዚህ ሳይደወል አይኬድም» አለች ሳምራዊት።

«ሰው ወድቆ ቀጠሮ ይጠየቃል?»

ሕፃኑን ታቅፋ እያጉረመረመች ተከተለችኝ። በሩን ሲከፍቱ «እግዜር ያጽናዎት» ብዬ ገባሁና ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

ልጄ ስትተረጉምላቸው «ማን ሞተ?» ብለው ደነገጡ።

«እናቴ ለወንበርዎ ለቅሶ ደርሳ ነው» አለቻቸው፣ አፍራ።

ከት ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እኛም ድሮ ሌሎቹን እንዲሁ ጠራርገን ነው የገባነው። አሁን የኛ ተራ ሆነ። ግን በሬን ያንኳኳ ሰው የለም» አሉ። ልጄ ስትተረጉምልኝ አብሬያቸው አለቀስኩ።

በሠልስቱ ከልጄ ጋር ስሄድ መጋረጃው ተከፍቷል። ያሸነፈቻቸው ወጣት ሻይ ትጠጣለች። የሰፈሩን ሰው ችግር እያስረዷት፣ «ያልጨረስኩትን አንቺ ጨርሺው» ይሏታል። ደስ አለኝ።

ካዛንቺስ ስመለስ ጎረቤቶቼ ስለ ሕፃኑ ጠየቁኝ፤ እኔም ይህን ጨምሬ አወራኋቸው። ሰው ተሸንፎም እንግዳ እንደሚቀበል ያየሁት በዚህ ጉዞ ነው። ሁሉም ሳቁ። ብዙ ምርጫ ያዩት ጋሽ ታደሰ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለመሆኑ ሰውየው አሁን የት ናቸው?»

«ቤታቸው።»

«ቤታቸው?»

«አዎ፣ ደጃፋቸው ላይ አበባ ሲያጠጡ ነው የተውኳቸው።»

ጋሽ ታደሰ ዙሪያቸውን ቃኘት አደረጉና፣ «ታድለው!» አሉ።