ግሌኒስ ለጀማሪ የምትመርጠው መጽሐፍ

ሜሌ መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልላ መጣች። "እትዬ ግሌኒስ፣ እጄ ለዚህ አልተፈጠረም። ይቅርብኝ" አለች ከበሩ ሳታልፍ። ግሌኒስ ፌስታሉን ተቀብላ ገና ሳትከፍተው ክብደቱ ብቻ ደሟን አፈላው። እሷ ለሜሌ ያስቀመጠችላት መጽሐፍ እንዲህ አይከብድም።

ግሌኒስ በአውስትራሊያ፣ በጂሎንግ ከተማ የምትሃተኞች ክበብ የመጻሕፍት ኃላፊ ናት። ዕድሜዋን ምንጣፍ ፋብሪካ ውስጥ ክር ስትቋጥር ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ምትሃት የጀመረችውም እዚያው ፋብሪካ፣ በምሳ ሰዓት፣ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ካገኘቻት አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ነው። ያኔ ክበቡ ሴት አባል አይቀበልም ነበር፤ ሴት አዳራሹ ውስጥ የምትገባው ሳንድዊች ለማቅረብ ብቻ ነበር። ኋላ በሩ ሲከፈትላት የመጻሕፍቱን ቁም ሣጥን ሰጧት። አቧራ እንድታራግፍ ነበር ሐሳባቸው። እሷ ግን ሥራውን የምሯን ያዘችው።

ጀማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ መጽሐፍ አይደለም። "ለማን ልታሳይ ነው? ቤትህ ውስጥ ምን አለ?" ትላለች። ገመድ ያለው በገመድ፣ ሳንቲም ያለው በሳንቲም ይጀምራል። ከዚያ ሥዕሎቹን ታያለች። ሥዕሉ ከተመልካች በኩል የተሣለ ከሆነ መጽሐፉን ትመልሰዋለች፤ ጀማሪው ግራና ቀኙ ይምታታበታላ! ሰው ወደ ገዛ እጁ ጎንበስ ብሎ ሲያይ የሚያየውን የሚያሳይ ሥዕል ነው የምትፈልገው። እጅ ሲሠራ አፍ ምን እንደሚል የማይናገር መጽሐፍም አትሰጥም። የመጀመሪያው ምትሃት ደግሞ በዚያው ቀን እራት ላይ የሚሞከር መሆን አለበት። ሰው አንዴ የቤተሰቡን አፍ ካስከፈተ፣ ከባዱን ራሱ ፈልጎ ይመጣል።

ለሜሌ የመረጠችላትም እንዲህ ዓይነቷን፣ በገመድ የምትጀምረውን ቀጭን መጽሐፍ ነበር። ሜሌ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ወገኖቿ ከቶንጋ ደሴቶች የመጡ ናቸው። ቤተሰቡ በሙሉ ይዘፍናል፤ ድምፅ የሌላት እሷ ብቻ ናት። ቤተ ክርስቲያናቸው ዝግጅት ባለው ቁጥር እህቶቿ መድረክ ሲወጡ እሷ ወንበር ትደረድራለች። ለሚመጣው ቅዳሜ ግን ስሟን አስመዝግባለች። አንድ ጊዜ እንኳ እዚያ መድረክ ላይ የራሷን ነገር ይዛ መቆም ነው የፈለገችው።

"ማነው ይሄን የሰጠሽ?" አለች ግሌኒስ።

"እርስዎ ዓይን ሐኪም ጋ የሄዱ ቀን ዴዝሞንድ የሚባሉት ሰውዬ። ቀጭኗን ነጥቀውኝ 'ይቺ የሕፃናት መጫወቻ ናት፤ ይሄን ትልቁን ውሰጂ፤ ሁላችንም የጀመርነው በዚህ ነው' አሉኝ።"

"እና ሞከርሽው?"

"ሞከርኩት እንጂ! ካርታው ከእጄ እየበረረ ሶፋ ሥር አለቀ። ባሌማ 'ምትሃቱ ካርታ ማጥፋት ከሆነ ተሳክቶልሻል' አለኝ።" ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም። "ስሜን ላሰርዝ ነው። ወንበር መደርደሩን እችልበታለሁ።"

"ምንም ነገር እንዳታሰርዢ!" ግሌኒስ መኪናዋን አስነሳች።

ዴዝሞንድ የክበቡ ሊቀ መንበር ነው። አዳራሹ ውስጥ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሻይ ይጠጣ ነበር። ግሌኒስ ትልቁን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ስትጥለው ሻዩ ፈሰሰ።

"ኧረ ቀስ! ምን ነካሽ?" አለ።

"ከጀማሪዎቼ ላይ እጅህን አንሳ።"

"ሴትዮዋ መለሰችው? ይኸው!" ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። "ይሄ መጽሐፍ ወንፊት ነው፤ የማይሆነውን ይለያል። እኛ አላለፍንም?"

"አንተ በዚህ አልጀመርክም። አጎትህ እጅህን ይዞ ነው ያስተማረህ፤ እዚሁ ወንበር ላይ። መጽሐፉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። 'ካርታውን እንደተለመደው ያዝ' ብሎ የሚጀምር መጽሐፍ ጀማሪ ምን ያደርገዋል? ለማን ነው የተለመደው?"

አንደኛው ሽማግሌ መጽሐፉን ከፈሰሰው ሻይ ላይ አነሳው።

"ምስጢር በርካሽ አይታደልም" አለ ዴዝሞንድ። "ደግሞም አባል አይደለችም። የጀማሪዎቹ መደርደሪያ ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል። ቁልፉን አምጪ።"

ግሌኒስ ቁልፉን ከኪሷ አወጣች። አልሰጠችውም፤ ቁም ሣጥኑን ከፈተችበት። ቀጫጭኖቹን መጻሕፍት አንድ በአንድ እያወጣች በካርቶን ውስጥ ትጨምር ጀመር።

"የክበቡን ንብረት!"

"ሽፋኑን ገልጠህ ስሜን አንብብ። አንዷንም ክበቡ አልገዛትም፤ እናንተ የሕፃናት ነው ስትሉ እኔ ነኝ ከየአሮጌ ዕቃ ቤቱ የለቀምኳቸው።" ካርቶኑን አቀፈች፤ ቁልፉን በፈሰሰው ሻይ ላይ ጣለችው። "አቧራውን ራስህ አራግፍ።"

ካርቶኑ ውስጥ የነበረችውን ያቺን የገመዷን መጽሐፍ ለሜሌ በእጇ ሰጠቻት። የቀሩትን፣ ሰፈሩ አንብቦ የጨረሰውን መጽሐፍ በሚተውባትና በነጻ በሚወስድባት፣ በራሷ ቤት አጥር ላይ በተሰቀለችው ትንሽ ሣጥን ውስጥ ደረደረቻቸው። በማግስቱ ስልኳ ጮኸ፤ ዴዝሞንድ ነበር።

"አብደሻል? ምስጢራችንን መንገድ ላይ! ማንም አላፊ አግዳሚ ያነሳዋል!"

"እንዲያነሳው ነው" ብላ ዘጋችው።

ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በኮኮናት ወተት በበሰለ የጎደሬ ቅጠል ሽታ ተሞልቷል። የሜሌ እህቶች ዘፍነው ጣሪያውን ሊያነሱት ደረሱ። ከዚያ ሜሌ ወጣች። የቄሱን ሚስት ቀለበት ተዋሰች፤ ገመዷን አወጣች፤ ገመዱ ከእጇ አምልጦ ወደቀ። ግሌኒስ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠች።

"ይኸው፣ ገመዱም እንደኔ ሰው ያፍራል" አለች ሜሌ። ሕዝቡ ሳቀ። በሳቁ መሐል አነሳችው፤ ቀለበቱን ሕዝቡ እያየ ገመዱ ላይ አሰረችው፤ የገመዱን ጫፎች ለሁለት አጎቶቿ አስያዘች። መሐረብ ጣል አድርጋ አነሳች። ቀለበቱ መዳፏ ላይ ነው፤ ገመዱ ከአጎቶቿ እጅ አልወጣም።

አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። "እስቲ ድገሚው!" ይላሉ አጎቶቿ ገመዱን እያገላበጡ።

"አይደገምም! እናንተስ ዘፈን ድገሙ ስትባሉ ትኮሩ የለ?" አለች ሜሌ፣ አገጯን ቀና አድርጋ።

ግሌኒስ መዳፏ እስኪቀላ አጨበጨበች። ደስ አላት፤ ንዴቱ ግን አልበረደላትም። ያንን ትልቁን መጽሐፍ ከዴዝሞንድ እጅ ተቀብለው እየመለሱ የሄዱት ሁሉ በዓይኗ ይመጡባት ነበር፤ ነርሷ፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ዳቦ ጋጋሪው። ሁሉም "እጄ አይሆንም" እያሉ ነው የሄዱት። ክበቡም እሺ ብሎ ሸኛቸው። እጃቸው ግን ምንም አልሆነም ነበር።